የጅማ እግረኛና ድምፅ የሌለው መኪና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለ መንገድ፣ ስለ ባጃጅ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የእግረኛ መንገድ በሌለበት በየትኛው ጠርዝ ልሂድ?

በግራ። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚነዳው። ስለዚህ በግራ ጠርዝ የሚሄድ ሰው በአጠገቡ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ፊት ለፊት ያየዋል። በቀኝ የሚሄደው ግን ጀርባውን ሰጥቷል። ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ እንደ ድሮው አያስተማምንም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እስከ 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር። ወደ ቀኝ የዞርነው በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት "ቀኝህን ይዘህ ሂድ" ብለው ቢመክሯችሁ አትሳቁ፤ ለልጅነታቸው ዘመን ልክ ነበር። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ በሰልፍ ሁኑ። ጨዋታው ትንሽ ይቆይ።

ዜብራ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

የእግረኛው። ሾፌሩ ዜብራ ጋ ሲቃረብ ፍጥነት መቀነስ፣ እግረኛ ከገባ ደግሞ መቆም አለበት። ይህን ሳይማር መንጃ ፈቃድ ያወጣ የለም። ግን ቀለም መኪና አያቆምም። ሳያይ የሚገባ ሰው መብቱ ነው፤ ልክ ሆኖ ሆስፒታል መተኛትም ግን አለ።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ከመግባቴ በፊት እጄን አነሣለሁ። ሾፌሩን ዐይን ዐይኑን አየዋለሁ። መስታወቱ ጥቁር ከሆነና ፊቱ ካልታየኝ የመኪናውን አፍንጫ አያለሁ። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ወደ መሬት ዘንበል ይላል። ያን ሳላይ እግሬን አላነሣም።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ መኪና ያቆምላችኋል፤ እናንተም አመስግናችሁ ትገባላችሁ። ከጎኑ ያለው ባጃጅ ግን "ይሄ ምን ገተረው?" ብሎ ይቀድመዋል። የቆመው መኪና ከፍ ያለ ከሆነ እናንተ ባጃጁን አታዩትም፤ እሱም አያያችሁም። ስለዚህ በቆመው መኪና ፊት አልፋችሁ ጠርዙ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። አንገታችሁን ብቅ አድርጋችሁ አይታችሁ ተሻገሩ።

ባጃጅ ትንሽ ስለሆነ አደጋውም ትንሽ ነው አይደል?

አይደለም። ባጃጅ ቀላል ነው፣ እውነት ነው። ግን ሦስት ሰው ጭኖ ሾፌሩ ሲጨመርበት ከግማሽ ቶን በላይ ነው። ያ ክብደት ጉልበት ላይ ሲያርፍ ማንም "ትንሽ" አይለውም።

የባጃጅ ዋናው ችግር መጠኑ ሳይሆን ያልታሰበ መታጠፉ ነው። ዐይኑ ተሳፋሪ ፍለጋ ላይ ነው። አንድ ሰው እጁን ሲያነሣ ፍሬቻ ሳያሳይ ጥምዝ ይላል። ስለዚህ ባዶ ባጃጅ ከሞላ ባጃጅ ይልቅ ያሰጋል። አጠገባችሁ አንድ ሰው ባጃጅ እየጠራ ከሆነ አንድ እርምጃ ራቁለት። ራሳችሁ ስትጠሩ ደግሞ አስፋልት ላይ ወርዳችሁ አትጥሩ። ስትወርዱም በጠርዙ በኩል ውረዱ። "እዚሁ ጣለኝ" ብሎ በመሀል መንገድ በኩል መውረድ የብዙዎቻችን ክፉ አመል ነው፤ የእኔም ጭምር ነበር።

ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ስሌቱን አብረን እንሥራው። በ30 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ50 የሚሄደው 14 ሜትር። ሾፌር አንድ ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ነው መኪናው መቆም የሚጀምረው። ደረቅ አስፋልትና ደህና ጎማ ካለ፣ በ30 የሚሄደው በጠቅላላው በ13 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ይፈልጋል።

አሁን አንድ ልጅ ከ13 ሜትር ርቀት ላይ ኳስ ተከትሎ ገባ እንበል። የመጀመሪያው መኪና ልጁ እግር ሥር ይቆማል። ሁለተኛው ሾፌር ገና ፍሬን አልነካም። ልጁን የሚያገኘው በሙሉ 50ው ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያደርስ አደጋ የመከሰት ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። መኪናው በቤንዚን ይሂድ በባትሪ፣ ይህ ስሌት አይለወጥም። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስናወራ ይህን አትርሱብኝ።

ዝናብ ሲሆን ምን ላድርግ?

ጅማ ውስጥ ይህ የክረምት ብቻ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ዝናብ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይጎበኘናል። ሦስት ነገር አንድ ላይ ይበላሻል። አስፋልቱ ይንሸራተታል፤ ያ 28 ሜትር በእርጥብ አስፋልትና በተላጨ ጎማ 40 ሊጠጋ ይችላል። የሾፌሩ መስታወት በጉም ይሸፈናል። እኛ ደግሞ ጃንጥላችንን ወደ ፊት አዘንብለን፣ አንገታችንን ቀብረን እንሮጣለን። ማንም ማንንም አያይም።

ምክሬ አጭር ነው። ስትሻገሩ ጃንጥላውን ወደ ኋላ አድርጉት። ፀጉር ቢረጥብ ይደርቃል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሳችሁ ከሆነ ጭንቅላታችሁን ብቻ ሳይሆን ትከሻችሁንም አዙራችሁ እዩ፤ ኮፍያው የጎን ዕይታችሁን ይጋርዳል። ጎርፍ የሸፈነው ቦታ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ሊኖር ይችላል። ውሃው ቡናማ ከሆነና ሥሩ ካልታየ ዙሩት።

ማታ መብራቱ ስለሚያርፍብኝ ሾፌሩ ያየኛል አይደል?

ይህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። እናንተ የመኪናውን መብራት ከሩቅ ታያላችሁ። ስለዚህ እሱም የሚያያችሁ ይመስላችኋል። ግን ጥቁር የለበሰ ሰው በአጭር መብራት የሚታየው ሲቀርብ ብቻ ነው። ከፊት ሌላ መኪና እያበራበት ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ላትታዩ ትችላላችሁ።

ነጭ ነገር ይረዳል። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሱ እናት ከቆዳ ጃኬት ለባሹ ጎረምሳ ቀድመው ይታያሉ። ከዚያ በላይ የሚሠራው የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ነው፤ ቦርሳ ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ቢሰፋ ይበቃል። ስትሄዱ እግራችሁ ስለሚወዛወዝ "ይሄ ሰው ነው" ብሎ ለሾፌሩ ይነግረዋል። መብራት የጠፋ ለታ የስልካችሁን ባትሪ አብሩ፤ ግን ወደ መሬት እንጂ ወደ ሾፌሩ ዐይን አታብሩ።

ልጄ ለብቻው ወደ ትምህርት ቤት መሄድ የሚችለው ስንት ዓመት ሲሆነው ነው?

ቁርጥ ያለ ዕድሜ የለም። ግን ዘጠኝ አሥር ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ አብዛኞቹ ልጆች የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በደንብ አይገምቱም። መኪናውን ያዩታል። "ስንት ሴኮንድ አለኝ?" የሚለውን ግን አይመልሱትም። ቁመታቸውም አጭር ስለሆነ የቆመ መኪና በቀላሉ ይጋርዳቸዋል።

ከመፍቀዳችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ልጁ ይምራችሁ። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ዝም በሉ። ሳትነግሩት የት ቆመ? ሁለቱንም ወገን አየ? ስልካችሁን ሳታወጡ ተመልከቱት። ልጅ የነገራችሁትን ሳይሆን ያደረጋችሁትን ነው የሚያደርገው።

የእግረኛው መንገድ በዕቃ ተይዞ አስፋልት ላይ ብወርድ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ያናድደኛል፤ የጠያቂው ጥፋት አይደለም። ሐሙስ ገበያ ቀን በጅማ መርካቶ በኩል እለፉ። በአንድ ወገን አቮካዶና ማንጎ፣ በሌላው ጫማና ካልሲ፣ ወረድ ሲሉ የእንጨት ሥራ ቤቶቹ ያወጧቸው አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የጅማ በርጩማ። መተላለፊያው እግር አያስገባም። ስለዚህ ትወርዳላችሁ።

ሁልጊዜ የምንጮኸው አቮካዶ በምትሸጠው እናት ላይ ነው። እሷ ፌስታሏን ጠቅልላ በአንድ ደቂቃ ትነሣለች። የሕንፃ አሠሪው አሸዋና ጠጠር ግን ስድስት ወር ይተኛል፤ ማንም ምንም አይለውም። የቆመው መኪናም እንዲሁ። የእግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ጎማውን ሰቅሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ስንቱን እናት ከነልጇ ወደ አስፋልት እንዳስወረደ አያስበውም።

መውረድ ግድ ሲሆን መጀመሪያ ወደ ኋላ ዙራችሁ እዩ። ከዚያ ውረዱ። ቶሎ ተመለሱ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ከወረደ በኋላ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በድንገት ለምን በዛ?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንዲህ ዓይነት ክልከላ በማውጣት ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ ቀደም ብሎም ለኤሌክትሪክ መኪና ግብር ተቀንሶ ነበር። የነዳጅ ዋጋ መናሩ ተጨመረበት። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምርጫው ጠበበ ማለት ነው።

ድምፅ የሌለው መኪና እውነት ያሰጋል? ወይስ ወሬ ነው?

ያሰጋል፤ በተለይ በዝግታ ሲሄድ። በብሪታንያ ከ2013 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የደረሱ አደጋዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2024 አውጥተውታል። ለተነዱት ርቀት ሲታሰብ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ (በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱ) መኪኖች እግረኛ የመግጨት ዕድላቸው ከቤንዚንና ከናፍጣ መኪኖች በእጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የታየው ከተማ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪና ፈጠን ሲል የምንሰማው የጎማውንና የነፋሱን ድምፅ ነው፤ ሞተሩ ምንም ይሁን ምን። በ10 ወይም በ15 ሲሄድ ግን ጎማው አይሰማም። ከቤት ሲወጣ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ገበያ መሀል ሲሽሎከሎክ፣ ማለትም ለእግረኛ በጣም ቅርብ በሆነበት ሰዓት ድምፁ ይጠፋል።

ለዚህ ነው በአውሮፓ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስና ወደ ኋላ ሲሄድ ራሱ ድምፅ እንዲያወጣ የተገደደው። አሜሪካኖቹ ወሰኑን ወደ 30 ገደማ አድርገውታል። ኡኡ የሚል ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። እኛ ጋ ከገቡት ብዙዎቹ ይህ አላቸው። ግን አንዳንዱ ሞዴል ላይ ማጥፊያ አለው፤ "ያሰለቻል" ብሎ የሚያጠፋው ሰው አውቃለሁ። ከቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ ከጎን የጄኔሬተር ድምፅና የባጃጅ ክላክስ ሲጨመር ደግሞ ያ ለስላሳ ድምፅ ተውጦ ይቀራል።

እኔም ደርሶብኛል። ዝናብ ነው። በርጩማ የተደረደረበትን ቦታ ዞሬ ወደ አስፋልት ወረድኩ። ምንም አልሰማሁም። የሆነ ነገር ከጀርባዬ ጉልበቴን ገፋ አደረገኝ። ዞር ስል ነጭ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነው። የሚነዳው ልጅ ከእኔ በላይ ደንግጦ ወረደ። "ጋሼ፣ እንደሚሰሙኝ ነበር እኮ ያሰብኩት" አለኝ። እኔ ደግሞ ድምፅ ከሌለ መኪና የለም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሁለታችንም ያመንነው ጆሮዬን ነበር።

ታዲያ ዐይነ ስውራን ምን ያድርጉ?

እነሱ "በዐይናችሁ እዩ" የሚለው ምክር አይረዳቸውም። መንገድ የሚያነቡት በድምፅ ነው። ስለዚህ ሸክሙ የሾፌሩ ነው። ነጭ በትር የያዘ ሰው ስታዩ ሙሉ በሙሉ ቁሙ። "ይለፉ" ብላችሁ በአፍ ተናገሩ። ዝም ብሎ ቆሞ መጠበቅ አይጠቅማቸውም፤ መቆማችሁን አያውቁም።

መንገደኛ ከሆናችሁ ደግሞ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ። "ላሻግርዎ?" ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካሉ እነሱ የእናንተን ክንድ ይያዙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። እግረኛን በተመለከተ ምን ልወቅ?

አንደኛ፣ አነሣሡን። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱ ገና ስትነኩት ነው የሚመጣው። የለመዳችሁትን ያህል ከረገጣችሁ ይወነጨፋል። ቀስ ብሎ የሚሄድበት የኃይል መቆጣጠሪያ ካለው ከተማ ውስጥ እሱን ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ክብደቱን። በባትሪው ምክንያት ከእኩያው የቤንዚን መኪና በብዙ መቶ ኪሎ ሊከብድ ይችላል። ጎማ ቶሎ ይበላል፤ የተላጨ ጎማ ይዛችሁ የጅማ ዝናብ ውስጥ አትግቡ።

የድምፁን ማጥፊያ አትንኩት። እየሠራ መሆኑን ለማወቅ አንድ ሰው ውጭ ይቁምላችሁ፣ እናንተ በዝግታ እለፉት። ሰው ጀርባ ላይ ደርሳችሁ ክላክስ አትንፉ። ሰው ሲደነግጥ ወደ የት እንደሚዘል አይታወቅም። ራቅ ብላችሁ አጭር ድምፅ አሰሙ፣ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ተናገሩ።

"ንፁህ" ነው የሚባለውስ? ኤሌክትሪኩ ራሱ ከየት መጣ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እኛ ጋ ከብዙ አገር ይሻላል። የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አገር ጭሱን ከጎዳና ወደ ማመንጫው ነው ያዛወረው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የምታልፉት የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ደግሞ 5,150።

ለእግረኛ ትልቁ ትርፍ የጭስ ማውጫው መጥፋቱ ነው። የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ጭሱ የሚወጣው ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለሕፃን አፍንጫ በሚቀርብ ቁመት ነው። ፍሬኑም ቢሆን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘው ባትሪ ስለሚሞላ የፍሬን ሸራው አቧራ ይቀንሳል።

ሙሉ በሙሉ ንፁህ ነው ማለት ግን ማጋነን ነው። የጎማው ብናኝ አለ፤ ክብደቱ ስለሚጨምር እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ያረጀ ባትሪ የት እንደሚጣልም ከአሁኑ ማሰብ ያስፈልጋል። አዌቱ ወንዝ ዳር እንዳይሆን ብቻ።

አዲስ መኪና መግዛት አልችልም። ያለኝን ባጃጅ ወይም መኪና ጭስ እንዴት ልቀንስ?

አብዛኛው የከተማችን ሰው እዚህ ላይ ነው። የጭሱን ቀለም እዩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ አልተቃጠለም። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ይሆናል፤ ናፍጣ ከሆነ ነዳጅ የሚረጨውን ኖዝል አስፈትሹ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ሳይብስ ጋራዥ ሂዱ። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላለት የድሮ ባጃጅ ግን ቢጠገንም ሰማያዊ ጭሱን አይተውም፤ አሠራሩ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። የቤንዚን መኪና ማርሚታ ላይ ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ አለ። መርዛማውን ጋዝ ወደ ቀለል ያለ ጋዝ ይለውጣል። ውስጡ ውድ ብረት ስላለ "ይሄ ጉልበት ይቀንሳል፣ እናውጣው" የሚል መካኒክ አይጠፋም። አውጥቶ ይሸጠዋል። እናንተ ደግሞ እስከ መጨረሻው እያጨሳችሁ ትነዳላችሁ።

ሰው ሲያይ ራሱ የሚያቆም መኪና መጥቷል ይባላል። እኛ መጠንቀቃችን ሊቀር ነው?

አለ፤ ጥሩም ነው። በካሜራና በራዳር ከፊት ያለን ሰው አይቶ፣ ሾፌሩ ካልያዘ ራሱ ፍሬን ይይዛል። አሜሪካ ያለው የመኪና መድን ሰጪዎች የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይህ ያላቸው መኪኖች እግረኛ የሚገጩበት አደጋ በ27 በመቶ ያነሰ ነበር። መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ምንም ልዩነት አልታየም።

ይህን ወደ ጅማ አምጡት። ምሽት አንድ ሰዓት፣ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናብ አለ፣ የመኪናው ካሜራ በጭቃ ተለጥፏል። ቴክኖሎጂው በሚያስፈልገን ሰዓት ዐይኑ ደካማ ነው። ሌላም አለ። ፈረስ ጋሪ፣ አህያና እግረኛ ባንድ ላይ በሚሄዱበት መንገድ መኪናው ደጋግሞ ይጮኻል። ሾፌሩ ይሰለቸዋል። ገብቶ ያጠፋዋል። መኪናው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ከሆነ ደግሞ ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ የትኛው መኪና እንዳለው፣ የትኛው እንዳጠፋው መለየት አትችሉም። ስለዚህ የለውም ብላችሁ ተሻገሩ።

መንገዱ ሰፍቶ አምሮ፣ ለመሻገር ግን ለምን ከበፊቱ ይልቅ ከበደኝ?

ስሜታችሁ ልክ ነው። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መተላለፊያ በተስተካከለበት ሁሉ ደስ ይላል፤ ቢያንስ ቱቦ ውስጥ አንገባም። ግን አስፋልት ሲሰፋና ሲለሰልስ የሾፌር እግርም ይከብዳል። ጉድጓድ ነበር ሲያዘገየው የኖረው። ማንም ባያመሰግነውም ያ ጉድጓድ ለእግረኛ ይሠራ ነበር።

ደግሞ ስፋቱን አስሉት። 14 ሜትር አስፋልት ጤነኛ ሰው በ12 ሴኮንድ ገደማ ይሻገራል። በዚያ ጊዜ በ50 የሚሄድ መኪና ከ160 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስትጀምሩ መታጠፊያው ጋ ያልነበረ መኪና መሀል ስትደርሱ ይደርስባችኋል። እናቴ ደግሞ በ12 ሴኮንድ አትሻገርም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ውድም አይደለም። መሀል ላይ ቆሞ ማረፊያ ደሴት፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ በር ላይ ጉብታ። ጉብታ መኪናው የኤሌክትሪክ ይሁን የናፍጣ አይጠይቅም። ማሻሻያው ሰፈራችሁ ሳይደርስ በፊት ለቀበሌው ማመልከት ይቀላል፤ አንዴ ከተነጠፈ በኋላ "በጀት የለም" ነው መልሱ።

አንድ ሰው ተገጭቶ መኪናው ቢያመልጥስ?

መጀመሪያ ሰውየው። ሁላችንም የምናደርገው እጅና እግሩን ይዘን ባጃጅ ላይ መጫን ነው። አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ በዚያ ሰዓት እናብስበታለን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እየደማ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ ተጭናችሁ ያዙ። ማንሣት ግድ ከሆነ ጭንቅላት፣ አንገትና ወገብ ባንድ መስመር ሆነው በሳንቃ ላይ ይሁን። የገጨው የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ከሆነ ዝም ስላለ ጠፍቷል አትበሉ፤ ሾፌሩ እንዲያጠፋው ንገሩት። ከተሰበረው ውስጥ ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ አትንኩ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት እሱ ነው።

ካመለጠ፣ የታርጋውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ኮዱንና ቀለሙን ያዙ። ቁጥሩ ቢያመልጣችሁም የመኪናው ዓይነትና የተሰበረው መብራት የቱ እንደሆነ ለፖሊስ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። የጤና ተቋማትም ለተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። "ገጪው ካልታወቀ ማን ይከፍላል?" ለሚለው ደግሞ ገጭቶ ያመለጠና መድን የሌለው መኪና ላደረሰው ጉዳት የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። በመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። ይህን የማያውቅ ብዙ ቤተሰብ ላም ሸጦ ያሳክማል።

ለዚያ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ። የዚያኑ ዕለት ፎቶ አንሡትና ለአንድ ዘመድ ላኩ። ኪስ ውስጥ ዝናብ የጠጣ ደረሰኝ ቢሮ ሲደርስ አይነበብም።